ትንፋሹስ አለን፤ ብሔራዊ ቡድን ለትልቅ ውድድር እንዴት ይዘጋጃል?

ሉማሜ ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ኳስ የሚያይ ወጣት ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሳል። የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህር ስለሆንኩ ጥያቄው ክፍል ድረስ ተከትሎኝ ይመጣል። «በሩጫ ዓለምን ከኋላችን የምናስከትል ሰዎች በኳስ ለምን እንዲህ እንሆናለን? ትንፋሽ እንደሆነ አለን፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?» ይሉኛል።

ጥያቄው ግማሽ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ትንፋሹ በእርግጥ አለ። የጎደለን ሌላው ዝግጅት ነው፤ እሱም አብዛኛው ሜዳ ውስጥ የማይታይ፣ ቢሮ ውስጥና ወረቀት ላይ የሚሠራ ነገር ነው። ይህን ለማሳየት የብሔራዊ ቡድናችንን፣ የዋልያዎቹን፣ ሁለት የአፍሪካ ዋንጫ ጉዞዎች እወስዳለሁ፦ የ2005 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካውንና የ2014 ዓ.ም. የካሜሩኑን። መሐል ላይ ደግሞ ወደ ሩማንያ ራግቢ ጎራ እንላለን። የዚያ አገር ነገር ከእኛ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ስትደርሱበት ታያላችሁ።

የ31 ዓመት በር

ኢትዮጵያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ማለትም ካፍን፣ ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ናት። በጥር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ አዘጋጅታ በፍጻሜው ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታች። ዋንጫውን የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ መንግሥቱ ወርቁም የዚያ ቡድን ሰው ነው። ከ1974ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ ግን በሩ ተዘጋና 31 ዓመት ሙሉ ሳይከፈት ቆየ።

የከፈተው የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ነው። ጳጉሜ 2004 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፈ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገው የመልስ ጨዋታ ደግሞ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ከዕረፍት መልስ ባስቆጠሯቸው ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳ ውጪ የተቆጠሩት ሦስቱ ጎሎች አሳለፉት። ካርቱም ላይ የተሸነፈው ቡድን፣ በሽንፈቱ ውስጥ ሦስት ጎል ይዞ በመመለሱ ነው ያለፈው።

ትንፋሹ ከየት ይመጣል?

አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ሉማሜ ላይም ሆነ ጅቡቲ ወደብ ላይ ያው ከመቶ 21 ገደማ ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የእኛም ከተማ በዚያው ደጋ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ስንተነፍስ የምናገኘው ኦክስጅን የወደብ ከተማ ሰው ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ግፊት ከቦታ ቦታ መለዋወጡን ማረጋገጥ የሚሻ ሰው በደጀን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርድ መኪና ይሳፈር። ድልድዩ ጋ እስኪደርስ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ጆሮውም እየተደፈነ እየተከፈተ ይነግረዋል።

ሰውነት ለዚህ ጉድለት መላ አለው። ኩላሊት የኦክስጅን ማነስ ሲሰማው ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ የአጥንት መቅኔ ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲሠራ ያነሳሳዋል። ኦክስጅንን ከሳንባ ተቀብለው ወደ ጡንቻ የሚያደርሱት እነዚህ ሕዋሳት ናቸው፤ ሲበዙ ጡንቻ የሚደርሰው ኦክስጅንም ይበዛል። ደጋ ተወልዶ ደጋ ያደገ ሯጭ ወደ ቆላ ወርዶ ሲወዳደር የሚቀለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣው እንግዳ ደግሞ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ልቡ እየደለቀ ትንፋሹ ያጥርበታል። ካርቱም ከ400 ሜትር በታች፣ አዲስ አበባ 2300 ሜትር ግድም መሆናቸውን ስታስቡ፣ ጥቅምት 4 ቀን ሁለቱም ጎሎች ከዕረፍት በኋላ መግባታቸው ብዙ አያስገርምም። ከፍታው ብቻውን አሸነፈ ግን አልልም።

ይህ ሁሉ ለሩጫ ይበቃል። ለኳስ አይበቃም። አንድ የመሐል ተጫዋች በ90 ደቂቃ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሮጥ ይችላል፤ ጨዋታውን የሚወስኑት ግን በመሐል በመሐል የሚያደርጋቸው አጫጭር የፍጥነት ሩጫዎች ናቸው። የደጋ ደም በሁለት ሩጫዎች መካከል ቶሎ ትንፋሽ እንዲመለስለት ይረዳዋል። ለትከሻው ጉልበት፣ ለእግሩ ቅልጥፍና፣ ኳሷን ለማን ላቀብል ለሚለው ውሳኔ ግን ቀይ የደም ሕዋስ ምንም አይጨምርለትም።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ የኳሷን ጠባይ ነው። ስስ አየር ኳስን ያነሰ ስለሚገታት ደጋ ላይ ፈጥና ትሄዳለች፣ ስትመታም ብዙ አትታጠፍም። ቆላ ላይ ያው ምት ቶሎ ይዝላል፣ ይበልጥም ይታጠፋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ረጅም ኳስ ሲለካ የኖረ ተከላካይ እንደገና መለካት አለበት፤ ግብ ጠባቂም እንዲሁ። ዋልያዎቹ ከዛምቢያ ጋር የተጫወቱባት ኔልስፕሩትም ሆነች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የሄዱባት ያውንዴ ከ1000 ሜትር በታች ናቸው።

ሙቀትን መልመድ

ይህኛው አጭር ነው። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቶሎ ማላብ ይጀምራል፣ በላቡ የሚያወጣው ጨው ይቀንሳል፣ የልቡም ምት ይረጋጋል። በ2014 ዓ.ም. በውበቱ አባተ የተመራው ቡድን ከሌሎቹ ተጋባዦች ሁሉ ቀድሞ ካሜሩን መግባቱ በዚህ ረገድ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ያን ጊዜ «ገናን እንኳ እቤታቸው ሳይውሉ ምን አስቸኮላቸው?» ሲባል ሰምቻለሁ። ያስቸኮላቸው ይህ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ላይ ምን ሆነ?

ውድድሩ የተከፈተው ጥር 11 ቀን 2005 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት ነበር። የእኛ ጨዋታ ጥር 13 ከዛምቢያ ጋር ደረሰ፤ ዛምቢያ ያለፈውን ዋንጫ የወሰደች ቡድን ናት። ዋልያዎቹ ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ፤ የሳላዲንን ምት የዛምቢያው ግብ ጠባቂ አዳነው። ከዚያ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው ከዕረፍት በፊት በአደገኛ አገባብ ቀይ ካርድ አየ። ኮሊንስ ምቤሱማ አስቆጠረ፤ 1 ለ 0 እየተመሩ፣ ዐሥር ሆነው ወደ ዕረፍት ሄዱ።

ሁለተኛውን አጋማሽ አይቶ የረሳው ያለ አይመስለኝም። ዐሥሩ ሰዎች የአፍሪካን ሻምፒዮን ይዘው ታገሉት፤ አዳነ ግርማ 65ኛው ደቂቃ ላይ አቻ አደረጋቸው። 1 ለ 1 አለቀ። «ትንፋሽ አለን» ለሚለው ክርክር ከዚያ አጋማሽ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አራት ቀን ቆይቶ ግን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፍን። ውጤቱን ሁሉም ያስታውሳል፤ አካሄዱን ግን ጥቂቶች ናቸው ልብ ያሉት። በዚያ ጨዋታ ቀይ ካርድ ያየው የቡርኪና ፋሶ ግብ ጠባቂ ነበር። ከአራቱ ጎሎች ሦስቱ የገቡብን ተጋጣሚያችን በዐሥር ሰው መጫወት ከጀመረ በኋላ ነው። ትንፋሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚወስነው፣ በቁጥር የበለጥነው እኛ ነበርን። ክፍተት ፍለጋ በጅምላ ወደ ፊት ሄደን ከኋላ ባዶ ሜዳ መተዋችን ነው የጎዳን። ተጋጣሚ ሰው ሲጎድልበት እንዴት እንደሚጫወቱ በልምምድ ያልተዘጋጀ ቡድን እንዲህ ይሆናል።

በሦስተኛው ጨዋታ ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ይዘን ቆየን። ቪክቶር ሞሰስ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ጨረሰው። በሁለተኛው ላይ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ፤ ቅያሪ ስላለቀ የመሐል ተጫዋቹ አዲስ ሕንጻ ጓንት አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ያቺ ናይጄሪያ ዋንጫውን ወሰደች። እኛ በአንድ ነጥብ ከምድባችን መጨረሻ ሆነን ተመለስን።

ካርድ የልምምድ ጉዳይ ነው

በሦስት ጨዋታ ሁለት ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ማጣት ዕድለ ቢስነት ይመስላል። ወደ ካሜሩን ስንመጣ ግን ዕድል ማለቱ ይከብደኛል። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከኬፕ ቬርዴ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ 12ኛው ደቂቃ ላይ ቀይ ካርድ አየ። ወደ ጎል ሊያልፍ የነበረውን አጥቂ በመጣሉ ነው። ውጤቱ 1 ለ 0። ለዚያ ዕለት ሲባል አስቀድሞ ካሜሩን የተገባባቸው ቀናት ሁሉ በ12 ደቂቃ ተበሉ።

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ «ታዲያ አጥቂው ሲያልፍ ይየው?» ይሉኛል። አንዳንዴ አዎን፣ ይየው። 12ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ጎል ቢገባ 78 ደቂቃ በዐሥራ አንድ ሰው ይቀራል። ተከላካዩ አጥቂውን ቢጥለው 78 ደቂቃ በዐሥር ሰው ይቀራል፤ ጎሉም ላይቀር ይችላል፣ አልቀረምም። 88ኛው ደቂቃ ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ይህን ሒሳብ ተጫዋቹ እየሮጠ ሊያሰላው አይችልም። በልምምድ ሜዳ ላይ አሰልጣኙ ደጋግሞ ሁኔታውን እየፈጠረ፣ እግሩ ሳይጠይቀው እንዲያውቀው ማድረግ አለበት። በምስል የሚታገዝ ዳኝነት በመጣ ጊዜ ደግሞ ዳኛው አላየኝም የሚለው ተስፋ አብሮ ቀርቷል።

ለሚዛን ያህል፦ ያው ቡድን በሁለተኛው ጨዋታ ከአዘጋጇ ካሜሩን ጋር በዳዋ ሆቴሳ 4ኛ ደቂቃ ጎል ቀድሞ መርቶ ነበር፤ በመጨረሻ 4 ለ 1 ተሸነፈ። በሦስተኛው ከቡርኪና ፋሶ ጋር ጌታነህ ከበደ በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮ 1 ለ 1 ወጣ። እንደገና አንድ ነጥብ።

ወረቀቱ

ወደ 2005 ዓ.ም. እንመለስ፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ስህተት እዚያ ነው ያለው። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዋልያዎቹ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካንም 2 ለ 1 ረቱ። አገሩ በደስታ ሰከረ፤ እዚህ እኛ ጋም አስፋልቱ ላይ ጭፈራ ነበር። በዚያው ዕለት ፊፋ ኢትዮጵያ ላይ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ።

ነገሩ ይህ ነው። ምንያህል ተሾመ በተለያዩ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት ከቦትስዋናው ጨዋታ ውጪ መሆን ነበረበት። ተሰለፈ። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አመነ፤ ፊፋም ጨዋታውን በፎርፌ ለቦትስዋና ሰጠ። ሦስት ነጥብ ከእጃችን ወጣ። ተጫዋቾቹ ጳጉሜ 2 ቀን ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን በ13 ነጥብ መሩት እንጂ፣ ደቡብ አፍሪካ በ11 ነጥብ እግር በእግር ስትከተል ነበር። ከዚያ በኋላ በጥሎ ማለፉ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ሕልሙን ቋጨችው። ያ ሽንፈት የኳስ ሽንፈት ነው፤ ያበሳጫል፣ ግን ይዋጣል። የቢጫ ካርድ ቆጠራ ስህተት ግን አይዋጥም፤ ለመከላከል የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ ጠንቃቃ ሰው ብቻ ነበርና።

ሩማንያ እዚህ ላይ ትመጣለች። ራግቢ በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት፣ በአንድ ወገን 15 ሰው የሚሰለፍበት፣ ኳስን በእጅ ማቀበል ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ብቻ የሚፈቀድበት ጨዋታ ነው። ግፊያና ትግል ስላለበት የእኛ የገና ጨዋታ ሲጦፍ ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። የሩማንያ ብሔራዊ ቡድን ከመጀመሪያው የራግቢ ዓለም ዋንጫ፣ ከእ.ኤ.አ. 1987 ጀምሮ እስከ 2015 አንድም ቀርቶበት አያውቅም ነበር። ለ2019ኙም ማለፉ ተነግሮለት ዝግጅት ላይ ሳለ፣ ለሌላ አገር ተጫውቶ የነበረና ለሩማንያ መሰለፍ የማይፈቀድለት ተጫዋች ማሰለፉ ታወቀ። 30 ነጥብ ተቀነሰበት፤ ጃፓን ሳይሄድ ቀረ። አራት ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ያው ጥፋት በስፔን ተገኘ፤ 10 ነጥብ ተቀንሶባት በቦታዋ ወደ ፈረንሳዩ የ2023 ዓለም ዋንጫ የሄደችው ሩማንያ ሆነች። አንዴ በወረቀት ወደቀች፣ አንዴ በሌላው ወረቀት ተነሣች። ሜዳ ላይ አንድም ሰው የተለየ ነገር አላደረገም።

በወረቀት ማለፍና በአቅም መድረስ

ፈረንሳይ ላይ ግን ወረቀቱ አላዳናትም። በአየርላንድ 82 ለ 8፣ በደቡብ አፍሪካ 76 ለ 0፣ በስኮትላንድ 84 ለ 0፣ በቶንጋ 45 ለ 24 ተሸነፈች። ይህች አገር እኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ፈረንሳይን ቡካሬስት ላይ 15 ለ 0፣ በ1988 ዌልስን ካርዲፍ ድረስ ሄዳ 15 ለ 9 ያሸነፈች ናት። በዚያ ዘመን ተጫዋቾቹን የሚቀልቡት የመንግሥት ተቋማት ክለቦች ነበሩ፦ ስቴዋ የጦር ሠራዊቱ፣ ዲናሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር። እ.ኤ.አ. በ1989 ሥርዓቱ ሲወድቅ የእነዚህ ክለቦች አቅም ተዳከመ፤ ብሔራዊ ቡድኑም አብሮ ወረደ። መቻልንና ኢትዮጵያ ንግድ ባንክን የምታውቁ አንባቢዎች ነገሩ የት እንደሚነካን አይጠፋችሁም። ብሔራዊ ቡድን ከክለቦቹ በላይ ሊሆን አይችልም።

የወረዳችን የአዋበል ገበሬ የጤፍ መሬቱን የሚያለሰልሰው በዘር ዋዜማ አይደለም፤ ከወራት በፊት ጀምሮ ደጋግሞ ያርሰዋል። ካምፕ የዘር ዋዜማ ነው። አንድ ወር ሆቴል ገብቶ መሰልጠን ያለውን ያስተካክላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። የሌለው የሚፈጠረው በሳምንታዊ የሊግ ጨዋታ፣ በታዳጊ ቡድንና ከሚበልጥ ተጋጣሚ ጋር በሚደረግ የወዳጅነት ጨዋታ ነው። ሩማንያ እ.ኤ.አ. በ2027 አውስትራሊያ ለሚካሄደው የዓለም ዋንጫ አሁን ሜዳ ላይ ባገኘችው ውጤት አልፋለች፤ ጥያቄው እስከዚያ ድረስ ጠንካራ ተጋጣሚ አግኝታ ደጋግማ ትፈተናለች ወይ ነው። የእኛም ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይደለም።

የራስ ሜዳ ሲጠፋ

ስለ ከፍታ ያን ሁሉ ያወራሁት ለዚህም ጭምር ነው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ደቡብ አፍሪካን አስተናገድን፤ 3 ለ 1 ተሸነፍን። ከዚያ በኋላ ካፍ ስታዲየሙ መመዘኛውን አያሟላም አለ። በኅዳር ጋናን «በሜዳችን» የገጠምነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብጽን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ያሸነፍነውም ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የሜዳችን ጨዋታ አቢጃን ድረስ፣ ኪንሻሳ ድረስ ሄዷል።

አስቡት። ተጋጣሚ የሚፈራን በደጋችን ነው። ያን ደጋ የነጠቀን ባላጋራ አይደለም፤ የመልበሻ ክፍሉ፣ መብራቱ፣ ወንበሩና መጸዳጃ ቤቱ ነው። ተመልካቹንም አብሮ ነጠቀን። ሊሎንግዌ ላይ ግብጽን ሲያሸንፉ በቦታው ተገኝቶ ያጨበጨበ የጎጃም ሰው ስንት ይሆናል? እንደ እኔ ፍርድ ከአዲስ አሰልጣኝ ይልቅ ደረጃውን የጠበቀ አንድ ስታዲየም ለብሔራዊ ቡድኑ የበለጠ ነጥብ ያመጣ ነበር።

ለእኛ ትምህርት ቤቶች

በአዋበልና በአጎራባች ወረዳዎች የምታስተምሩ የሙያ ጓደኞቼ፣ የትምህርት ቤቶች ውድድር ሲደርስ ብዙዎቻችን የምንጨነቀው ለማልያና ለኳስ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ደብተር ይከፈት። የተጫዋቹ ስም፣ የክፍሉ፣ የዕድሜው ማስረጃ፣ የእያንዳንዱ ጨዋታ ቀን፣ ያየው ቢጫና ቀይ ካርድ በየመስመሩ ይጻፍበት። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት አሰልጣኙና አንድ ሌላ መምህር አይተው ይፈርሙበት። ደብተሩን የሚይዘውም ከተማሪዎቹ አንዱ ይሁን፤ ነገ ከእነዚህ ልጆች መካከል አጥቂ ብቻ ሳይሆን የቡድን መሪና የፌዴሬሽን ጸሐፊም ይወጣልና። የዘንድሮው ውድድር ምዝገባ ሳይዘጋ ጀምሩት።